ዳግማዊ ምኒልክና የሞተር ምርጫ

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ዳግማዊ ምኒልክ ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ፣ የታሪክ ምሁራን ደጋግመው ያረሱትን ማሳ አንድ መሐንዲስ እንደገና ቢያርሰው ምን ሊያፈራ ይችላል የሚለው ጥያቄ በአእምሮዬ መመላለሱ አልቀረም። ስለ ዐድዋ ጦርነት፣ ስለ ውጫሌ ውልና ስለ ግዛት መስፋፋት ብዙ ተጽፏል፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኔ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ሕይወት በሙያዬ በኩል፣ ይኸውም በአንዲት ጠባብ መስኮት ብቻ ለማየት መርጫለሁ። ጭነቱ ሁሉ በበቅሎ ጀርባና በሰው ትከሻ ይጓጓዝ የነበረን አገር በሞተር ለማንቀሳቀስ የፈለገ ሰው የትኛውን ሞተር መረጠ? የሞተሩንስ ኃይል በምን አማካይነት ወደ መሬት ሊያደርስ አሰበ? የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ጥያቄ ያስነሣብኝ በአራዳ ዙሪያ ባሉ ጋራዦች ዘወትር የሚሰማ ክርክር ነው። አንድ ሰው አሮጌ መኪናውን ይዞ ይመጣና ሞተሩ ስለ ደከመ በሌላ፣ በተለይም በበለጠ ጉልበተኛ ሞተር እንዲለወጥለት ይጠይቃል። ልምድ ያለው መካኒክ ግን ስለ ሞተሩ ከመናገሩ በፊት ስለ ፍሪሲዮኑ፣ ስለ ካምቢዮውና ስለ ዲፈረንሻሉ ማጣራት ይጀምራል። በአሜሪካ በ1950ዎቹ ማብቂያ ላይ የተሠሩትን ባለ 8 ሲሊንደር ጉልበተኛ አውቶሞቢሎች ዛሬ እያደሱ የሚነዱ ሰዎችም የሚከራከሩት በዚሁ ጉዳይ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የአዲሱ ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ካምቢዮው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ከሆነ የማርሹ ጥርስ ይረግፋል። ለፈጣን ሞተር የተመጠነ ዲፈረንሻል በዝቅተኛ ዙር የሚሠራ ሞተር ሲታሰርበት መኪናው በሜዳ ላይ ፍጥነት ያጣል፤ ተገላቢጦሹ ሲሆን ደግሞ ዳገት መውጣት ያቅተዋል። ራዲያተሩ፣ ፍሬኑና የፊተኛው ሞላም አብረው ካልታሰቡ ባለቤቱ ገንዘቡን የጣለው በጎርፍ ላይ ነው።

በእኛ ከተማ ላይ ሲሆን ሌላም ጣጣ ይጨመራል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች በመሆኗ አየሯ ከጠረፍ አየር በሩብ ያህል ይሳሳል። ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ጉልበቱም ወደ ሩብ ገደማ ይጎድላል። ውሃም በ100 ዲግሪ መሆኑ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ከፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተሸጠ ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ 75 ሆኖ ቢገኝ ሻጩ ዋሸ ማለት አይደለም። ይህን ልብ ብለን ወደ ባለ ታሪካችን እንመለስ።

በልጅነት ስማቸው ሣህለ ማርያም ይባሉ የነበሩት ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፣ አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ነበሩ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት በዚያው ሰሞን በሕመም ስለ ሞቱ፣ የ11 ዓመቱ ልጅ ተማርኮ ወደ መቅደላ ተወሰደ። በዚያም 10 ዓመት ያህል በቴዎድሮስ እጅ አደገ። አምርረው ያሳደጉት ሰው ለመሣሪያ የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮጳ ባለ እጆችን ሰብስበው መድፍ ያስቀልጡ ነበር። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው፣ በወሎዋ ወርቂት በኩል አልፈው ወደ ሸዋ ገብተው ነገሡ። ስለሆነም በ1859 ዓ.ም. የተሠራውን ሴባስቶፖልን በዐይናቸው ለማየት አልደረሱም። ይሁን እንጂ የዚያ መድፍ ታሪክ ለመሐንዲስ ትልቅ ትምህርት ያዘለ ነው። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ብረት መቅደላ ላይ ለማውጣት ቴዎድሮስ ድንጋይ እያስፈለጡ፣ ገደል እያስናዱ መንገድ መሥራት ነበረባቸው። የጉዞው አብዛኛው ድካም ያለቀው በመንገዱ ላይ ነው።

ምኒልክ በሸዋ ዙፋን ላይ በቆዩባቸው ዓመታት ከውጭ አገር ሰዎች ይፈልጉት የነበረው በመጀመሪያ ጠመንጃ፣ ቀጥሎም ሙያ ነበር። በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የተማረ የስዊስ መሐንዲስ ከሁለት የአገሩ ባለ እጆች ጋር አንኮበር ደረሰ። ሙሴ ኢልግ ከዚያ በኋላ ከሩብ ምእት ዓመት በላይ በአገሪቱ ኖሮ እስከ መንግሥት አማካሪነት ደርሷል። ምኒልክ አዲስ የመጣውን መሐንዲስ ሥራ ያስጀመሩት ጫማ በማሠራት፣ ቀጥሎም ጠመንጃ በማሠራት እንደ ሆነ ይተረካል። ጠመንጃው ከአውሮጳ ከሚገዛው የበለጠ ወጪ ሊጠይቅ እንደሚችል ቢነገራቸውም መሠራቱን ፈለጉ። ብዙ ሰዎች ይህን እንደ ንጉሥ ቀልድ ያወሩታል። በእኔ ግምት ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም፤ ሰውየው የተማረውን በእጁ ማዋል ይችል እንደ ሆነ የማወቂያ ፈተና ነበር። ዛሬም ቢሆን አዲስ ተመራቂ ለሚቀጥር ድርጅት እመክረዋለሁ።

ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠራ፤ በኋላም ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ እስከ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ በቧንቧ ውሃ አወረደ። ውሃው ወደ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ሽቅብ ወደ ግቢው መውጣቱ በጊዜው የነበረውን ሕዝብ ያስደነቀ ነገር ነበር። ለእኛ ግን ምኒልክ ኃይልን ያለ ሞተር ከአንድ ስፍራ ወደ ሌላ ስፍራ ማስተላለፍ እንደሚቻል በገዛ ግቢያቸው ያዩበት አጋጣሚ በመሆኑ ሊታወስ ይገባዋል።

በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ በ1882 ዓ.ም. ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ሆነው እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ። ከግቢው በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ከፍታ ላይ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአራዳ ገበያ ቆመ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው ሰፈር ይኸው ነው። ከየአውራጃው የሚመጣው ቡና፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስና ቆዳ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጨርቅና መሣሪያ ሁሉ እዚህ ዳገት ላይ ይገናኝ ነበር። እያንዳንዷ ኪሎ ግራም እዚያ የምትደርሰው በእንስሳ ጀርባ ነው። በቅሎ ብዙ ብትሸከም 100 ኪሎ ግራም ገደማ ነውና አንድ ቶን ዕቃ 10 በቅሎ፣ ነጂዎችና ቀለብ ይፈልጋል፤ ክረምት ሲገባና ወንዝ ሲሞላ ደግሞ ጉዞው ይቆማል። በቅሎ ራሷ ሞተርም ካምቢዮም ናት፤ ዳገቱን አይታ እርምጃዋን ትቀይራለች። እንዲህ ያለችን መኪና በሌላ መለወጥ የሚመስለውን ያህል ቀላል አልነበረም።

የመጀመሪያው ምርጫ የባቡር ሐዲድ ሆነ። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለኢልግ ከጅቡቲ ወደ ሐረር፣ ከዚያም ወደ እንጦጦና እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ሐዲድ እንዲዘረጋ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። ኢልግም ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋመ። ከሙያ አንጻር ሲታይ ምርጫው ትክክል ነበር። በለስላሳ አፈር ላይ የሚሄድን አንድ ቶን ጭነት በሜዳ ለመጎተት 100 ኪሎ ግራም የሚደርስ ስበት ያስፈልጋል፤ ጥሩ ጠጠር በለበሰ መንገድ ላይ 20 ገደማ ይበቃል፤ በብረት ሐዲድ ላይ ግን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። በአንጻሩ 5 በመቶ የሆነ ዳገት በማናቸውም መንገድ ላይ 50 ኪሎ ግራም ስለሚጨምር፣ ሐዲድ ጥቅሙን እንዳያጣ ዳገቱን በዙሪያ ጥምጥም ማባበል ግድ ይለዋል። ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ለሚደርስ መስመር ይህ ብዙ ገንዘብ ማለት ነበር። ሐዲዱ 1 ሜትር ስፋት ብቻ እንዲኖረው መደረጉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጠባብ ሐዲድ በጠባብ ኩርባ ይዞራልና።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያም ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ምኒልክ ሳያውቁት ከኩባንያው ጋር ስምምነት አድርጎ ሐዲዱን በቁጥጥሩ ሥር አደረገ። ምኒልክም ይህን ሲረዱ መስመሩ ከድሬዳዋ ወደ ፊት እንዲራመድ ሳይፈቅዱ ቀሩ። ነገሩ የክብር ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሞተሩን አንተ ብትገዛውም ካምቢዮው በሌላ ሰው እጅ ከሆነ መኪናው ያንተ አይደለም። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በሦስትዮሽ በተዋዋሉ ጊዜ፣ ከዋና ዋናዎቹ አንቀጾች መካከል የሐዲድ መስመሮች ክፍፍል መገኘቱ የምኒልክ ጥርጣሬ ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል። በአንጻሩ ዋጋው ከባድ መሆኑን መካድ አይቻልም፤ በዚህ ምክንያት የአራዳ ነጋዴ ዕቃውን ከድሬዳዋ ለተጨማሪ ብዙ ዓመታት በግመልና በበቅሎ ሲያስጭን ኖሯል። እኔ በእርሳቸው ቦታ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ከእርሳቸው የተለየ ውሳኔ ላይ አልደረስኩም።

ሐዲዱ ቆሞ ሳለ ሁለተኛ መንገድ ተሞከረ። የከተማይቱ ደን በማገዶ ስላለቀ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ነበር። ከአዲስ አበባ እስከዚያ ድረስ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠጠር የለበሰ መንገድ በ1890ዎቹ አጋማሽ ተሠራ። ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ በሰፊው መተከሉ ዋናው ከተማ ሳይነሣ እንዲቀር ቢያደርግም፣ መንገዱ በአገሪቱ ለመንኮራኩር ተብለው ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆነ። ለዚሁ መንገድ ሥራ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለ አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ ከውጭ አስመጣ። ያ ከባድ ብረት ከባቡሩ መጨረሻ እስከ አዲስ አበባ ድረስ መንገድ በሌለበት አገር ማለፍ ነበረበት። ሕዝቡ የሰርኪስ ባቡር የሚል ስም ሰጠው፤ ስሙም እስከ ዛሬ ይታወሳል።

ከዚህ ላይ ስለ ቃሉ ትንሽ ልበል። ባቡር በመጀመሪያ እንፋሎት ከሚል የፈረንጅ ቃል በዓረብኛ በኩል የደረሰን በመሆኑ፣ አባቶቻችን በእሳትና በውሃ የሚሠራውን ሁሉ፣ በኋላም ወፍጮውን ሳይቀር ባቡር አሉት። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ የምንላቸው ግን ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ጋራዥ በየሰፈሩ የተስፋፋው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው ወረራ ዘመንና ከዚያ በኋላ ስለሆነ ነው። ፒያሳ የሚለው ስምም የተረፈው ከዚያው ዘመን ነው።

ወደ ሰርኪስ ባቡር እንመለስ። የእንፋሎት ሞተር ግፊቱን በራሱ ጋን ውስጥ ስለሚፈጥር፣ የደጋው ቀጭን አየር የቤንዚን ሞተርን ያህል አይጎዳውም። ከዝቅተኛ ዙር፣ እንዲያውም ከቆመበት ሙሉ ኃይሉን ስለሚሰጥ ካምቢዮ እምብዛም አያሻውም። በዚህ በኩል ለአዲስ አበባ ዳገቶች የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ክብደቱ ድልድይ ይሰብራል፤ ውሃ ያለማቋረጥ ይጠጣል፤ ማገዶውም ጫካዋን በጨረሰች ከተማ ውስጥ መገኘት ነበረበት። መንገድ ለመደምደም ጠቀመ፤ ጭነት ለማጓጓዝ ግን የበቅሎን ቦታ ሊይዝ አልቻለም።

ሦስተኛው ሞተር በ1900 ዓ.ም. መጣ። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተሰኘች አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ እየነዳ፣ መንገድ በሌለበትም በሰው ጉልበት እያስጎተተና እያስገፋ አዲስ አበባ ገባ። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊ በሳክሶኒ፣ ኮስቪግ በተሠራች ናኬ በተባለች መኪና ደረሰ። ሁለቱም የየአገራቸውን ፋብሪካ ሥራ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለማቅረብ ይሽቀዳደሙ ነበር። ምኒልክ በዚያ ወቅት ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸው ጤናቸውም መታወክ ጀምሮ ነበር፤ ነገር ግን ሳይፈሩ ተሳፈሩ፤ አሠራሩንም መረመሩ።

የዚያን ዘመን አውቶሞቢል ዛሬ ካለው ጋር ማነጻጸር አስቸጋሪ ነው። ፍሪሲዮኑ በቆዳ የተለበጠ ሾጣጣ ብረት ነበር፤ ማርሹ ሲቀየር ጥርስ ከጥርስ ይጋጭ ነበር፤ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላውን መንኮራኩር ብቻ ነበር። የሲሊንደሩ የማመቅ መጠን እንኳ ዛሬ ከተለመደው ግማሽ አይደርስም ነበር። ከዚህ ላይ የደጋው አየር ሩቡን ሲቀንስ የሚቀረው ጉልበት ከአራዳ ገበያ እስከ እንጦጦ በመጀመሪያ ማርሽ እያቃሰተ የሚያዘልቅ ያህል ነው። ቤንዚኑም ራሱ ከድሬዳዋ በእንስሳ ጀርባ ተጭኖ መምጣት ነበረበት። ሞተሩ በቅሎን ሊተካ የመጣ ሲሆን ቀለቡን የምታመጣለት በቅሎ ነበረች። ምኒልክ እነዚህን መኪናዎች ወደውና አድንቀው ሳለ ስለ ሐዲዱ የጀመሩትን ድርድር አልተውም። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር አዲስ ውል ተዋውለው ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚቀጥለውን መስመር ፈቀዱ። የቤንዚን መኪና ለመንሸራሸሪያ፣ ሐዲድ ለጭነት ማለታቸው ይመስለኛል፤ ለጊዜው ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረም።

በዚያው ዓመት የወጣ አንድ ሌላ ነገር ከመኪናው መምጣት የበለጠ የሚያስደንቀኝ ነው። ምኒልክ ባለ እጁን፣ ይኸውም አንጥረኛውን፣ ሸማኔውንና ሌላውንም ሠራተኛ ቡዳ፣ ጠይብ እያሉ መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። በዘመኑ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በርቀት የሚታይና የሚፈራ ነበር። ሞተር የሚፈታና የሚገጥም ሰው የሚገኘው ደግሞ ከዚሁ ወገን እንጂ ከመኳንንቱ ልጆች መካከል አልነበረም። አዋጁ የሕዝቡን ልማድ በአንድ ቀን አልለወጠም፤ በአንዳንድ ስፍራ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ኖሯል። ይሁን እንጂ መኪና ከማስገባት ጋር መኪና የሚጠግነውን ሰው ከስድብ ማውጣት እንደሚያስፈልግ ያሰበ መንግሥት በዚያ ዘመን መኖሩ በሙያችን ታሪክ ውስጥ ተገቢውን ስፍራ አላገኘም እላለሁ። በ1901 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት በዚያው በአራዳ አካባቢ ተከፈተ። የአቢሲንያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የእቴጌ ጣይቱ ሆቴልም በእነዚሁ ዓመታት ቆመ።

የዚህ ሁሉ ወጪ ከየት ተገኘ ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ጠመንጃውም ድልድዩም የተከፈለው በአብዛኛው ከደቡብና ከምዕራብ አገሮች በመጣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ወርቅ ነው። እነዚያ አገሮች የተያዙት በጦር ነበር፤ ገባሩም ከባድ ቀንበር ተሸክሟል። መንገድ የደመደመው፣ ከባዱን ብረት የጎተተውም ስሙ ያልተጻፈ ጉልበት ነው። የአንድን ማሽን የፈረስ ጉልበት ስንለካ ይህን የሰው ጉልበት በሒሳብ ውስጥ አለማስገባት የመሐንዲስ ሥራ አይሆንም።

ምኒልክ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ሕመሙ ጸናባቸው። የልጃቸው ልጅ ኢያሱ ወራሽ መሆናቸው በዚያው ዓመት ታወጀ፤ ሥልጣኑም ወደ እንደራሴዎችና ወደ እቴጌ ጣይቱ ከዚያም ወደ ሌሎች እጅ ተዘዋወረ። ንጉሠ ነገሥቱ ሽባ ሆነው በግቢው ውስጥ ጥቂት ዓመታት ከቆዩ በኋላ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ኢልግ ቀደም ሲል ወደ አገሩ ተመልሶ ነበርና ከእርሳቸው ሁለት ዓመት ያህል ዘግይቶ በዙሪክ ሞተ። በ1923 ዓ.ም. በቅዱስ ጊዮርጊስ አደባባይ፣ ከአራዳው ገበያ አጠገብ የቆመላቸው ሐውልት ፈረስ ላይ ያስቀምጣቸዋል።

ሐዲዱ በሞቱ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከጅቡቲ እስከ ከተማይቱ ጣቢያ ያለው መስመር 784 ኪሎ ሜትር ነበር። ጣቢያው ከከተማይቱ በስተደቡብ ዝቅተኛው ስፍራ ላይ ተሠራ፤ ገበያው ግን ከላይ፣ አራዳ ላይ ነበር። ስለዚህ ከባሕር ማዶ በመርከብ፣ ከጅቡቲ በእንፋሎት የመጣው ዕቃ የመጨረሻዋን ዳገት የሚወጣው ለብዙ ጊዜ በአህያና በበቅሎ ነበር።